መልከ መልካምን ሰው እንግሊዞች በመንደር ቋንቋቸው ምን ይሉታል?

በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር



ቋንቋን በቤት ብንመስለው ከእውነት የራቅን አይመስለንም። እንግዳ የሚቀበሉበት አዳራሽ አለው፤ ቤተ ሰቡ ብቻ የሚገባበት ጓዳም አለው። የባዕድን ቋንቋ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አዳራሹን ጠንቅቆ ያውቃል። ሰዋስዉን አጥንቷል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ዘገባ ያነባል፤ በስብሰባም ላይ ሐሳቡን ያስረዳል። ነገር ግን የቋንቋው ባለቤቶች ከሥራ በኋላ ከረባታቸውን አላልተው ሲጨዋወቱ የሰማ ዕለት «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት እንግሊዝኛ ነው?» ብሎ መደነቁ አይቀርም። የሰማው የጓዳውን ቋንቋ ነውና።

ዛሬ ከዚህ ከጓዳው ቋንቋ አንዱን ዘርፍ ብቻ መርጠን እንመለከታለን። ይኸውም እንግሊዞች መልኩ ያማረውን ወንድ፣ ደም ግባት ያላትን ሴት በመንደር ቋንቋቸው የሚያደንቁባቸው ቃላት ናቸው። ነገሩ ለጊዜው ተራ ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ አገር የሚሄድ፣ ከዚያ አገር ሰዎች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ወይም ማታ በቤቱ ተቀምጦ የእንግሊዝን ፊልም የሚያይ ሰው እነዚህን ቃላት ደጋግሞ ይሰማቸዋል። ቃሉ ሳይገባው ቢቀር የሚያመልጠው ጨዋታው ብቻ ነው፤ ሳይገባው የተናገረው እንደ ሆነ ግን ሰው ያስቀይማል፤ ራሱንም ያስንቃል። ስለዚህ ቃላቱ ምን ማለት እንደ ሆኑ፣ ከወዴት እንደ መጡ፣ የትኛው እንደሚያከብርና የትኛው እንደሚያዋርድ በቅደም ተከተል እንገልጻለን። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በክብር ተቀምጠው የምናገኛቸው ቃላት ራሳቸው በጥንት ዘመን ትርጉማቸው ሌላ ነበር። «ፕሪቲ» የሚለውን ቃል ዛሬ ማንኛውም ተማሪ «ቆንጆ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ተንኰለኛ» ማለት ነበር። ቃሉ ከተንኰለኛ ወደ ብልኅ፣ ከብልኅ ወደ «በብልኀት የተሠራ»፣ ከዚያም ወደ «ያማረ» እየተሸጋገረ ነው ዛሬ ካለበት ማዕርግ የደረሰው። ለወንድ የሚነገረው «ሀንድሰም»ም እንደዚሁ ነው። «ሀንድ» ማለት እጅ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በመጀመሪያ «ለእጅ የሚመች፣ በቀላሉ የሚያዝ» ማለት ነበር። እንግዲህ የመንደር ቃል ትርጉሙን ቢለዋውጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአዳራሹም ቃል ያለፈበት መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዘመናችን በእንግሊዝ አገር ከሚሰሙት የዚህ ዓይነት ቃላት ሁሉ ቀድሞ መታወቅ ያለበት «ፊት» የሚለው ነው። በአጋጣሚ በአማርኛችን መልክ የሚታይበትን የሰውነት ክፍል ከምንጠራበት ቃል ጋር ድምፁ ስለሚገጥም ለማስታወስ አያስቸግርም። በመጽሐፍ ቋንቋ «ፊት» ማለት «ተስማሚ» ወይም «በአካሉ ጤናማና ብርቱ» ማለት ነው። ኸርበርት ስፔንሰር የተባለው ፈላስፋ በ1864 ስለ ፍጥረታት የኑሮ ትግል ሲጽፍ ከአካባቢው ጋር የተስማማው በሕይወት ይተርፋል ለማለት የተገለገለበት ቃል ይኸው ነበር። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የእንግሊዝ ወጣቶች «መልኩ የሚማርክ» ለማለት ይናገሩት ጀመር። ስለዚህ አንዲት የሎንዶን ልጅ ስለ አንድ ጐልማሳ «ፊት ነው» ብትል፣ አሜሪካዊው ሰሚ «ስፖርት ይሠራል ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እንግሊዛዊው ግን ልጅቱ ዓይኗን እንደ ጣለችበት ወዲያው ይገባዋል። አድናቆቱ የበረታ እንደ ሆነ «ዌል ፊት» ይባላል። «ዌል» በትምህርት ቤት የተማርነው «በደኅና» ተብሎ ነው፤ እዚህ ላይ ግን «እጅግ» ማለት ነው። በ2004 «ዘ ስትሪትስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ይህንኑ ቃል በርእሱ የያዘ ዘፈን ባወጣ ጊዜ ቃሉ ይበልጥ ታወቀ። ዘፈኑም ቁንጅናዋን ራሷ አውቃ የምትኰራውን ሴት የሚወርፍ ነበር። «ፊት» ለወንድም ለሴትም እኩል ይነገራል፤ ይህንን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ፋንሲ» ነው። ይህ ቃል «ፋንታሲ» ከሚለው ያጠረ ሲሆን፣ የቃሉ መሠረት ሐሳብና ምናብ ነው። እንግሊዝ ለእንግዳው ሻይ ሲጋብዝ «ሻይ ፋንሲ ታደርጋለህ ወይ?» ይላል፤ «ሻይ ያምርሃል ወይ?» ማለቱ ነው። ይኸው ቃል ስለ ሰው ሲነገር ግን «ልቤ ከጅሎታል» ማለት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቃሉ በኋላ የሚከተለው ነገር ነው። ሻይ የሚለውን ቃል ረስቶ ስለ ሰውየው ብቻ የተናገረ እንግዳ፣ ያላሰበውን የፍቅር ኑዛዜ ተናግሮ ይገኛል።

የእንግሊዝ መንግሥት ብዙ ሕዝቦችን ያቀፈ ስለ ሆነ ውበትን የማድነቂያው ቃልም እንደ አገሩ ይለያያል። በስኮትላንድና በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ «ቦኒ» ይባላል። ይህ ቃል ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ «መልካም» ከሚለው ከፈረንሳይኛው «ቦን» ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ይባላል። በ1745 የአያቱን ዙፋን ለቤተ ሰቡ ለማስመለስ ስኮትላንድ ገብቶ ጦር ያስነሣውን ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርትን ሕዝቡ የሚጠራው እስከ ዛሬ ድረስ «ቦኒው ልዑል ቻርሊ» እያለ ነው። ልዑሉ በሚያዝያ 1746 በከሎደን ጦርነት ድል ሆኖ ከአገር ወጣ፤ ዙፋኑም ቀረ፤ ቅጽሉ ግን ከስሙ ጋር ጸንቶ ኖረ። «ቦኒ» ለወጣት ሴት፣ ለአበባ፣ ለወንዝ ዳር፣ ወዝ ላለው ሕፃን ሁሉ ይነገራል። በእኛ ቋንቋ «ሸጋ» የሚለው ቃል የሚቀርበው ይመስለናል፤ መልክን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ያካትታልና።

ወደ ምዕራብ ወርደን ወደ ዌልስና ወደ ብሪስቶል ከተማ የሄድን እንደ ሆነ ደግሞ «ላሽ» የሚለውን ቃል እንሰማለን። በአዲስ አበባ የአራዳ ልጆች አነጋገር «ላሽ በል» የተባለ ሰው እንደ ተባረረ ይቈጠራል፤ በብሪስቶል «ላሽ ነህ» የተባለ ግን ሊደሰት ይገባዋል። የቃሉ መሠረት በዝናም የጠገበ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ለምለም መስክ ነው። ከእርሻው ወደ ሰው መልክ መሻገሩ ለእኛ ሊያስደንቀን አይገባም፤ እኛም ለሴት ልጆቻችን «ለምለም» የሚለውን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ይህን የምዕራብ ቃል ለመላው አገር ካስተዋወቁት መካከል አንዱ በ2007 መታየት የጀመረው «ጋቪንና ስቴሲ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። የእንግሊዙን ልጅና የዌልሷን ልጅ ፍቅር የሚተርክ ስለ ሆነ የሁለቱንም አገር አነጋገር ጐን ለጐን ያሰማ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ስለ እንግሊዞች ጠባይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ይህ ሕዝብ ምስጋናን ማሳነስ ይወዳል። «ክፉ አይደለችም» ካለ፣ በጣም ቆንጆ ናት ማለቱ ሊሆን ይችላል። «የዘይት ቀለም ሥዕል አይደለም» ካለ ደግሞ ሰውየው መልከ ጥፉ ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ ሰሚው የቃሉን ክብደት ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከተናጋሪው ፊትና ድምፅ ጭምር ሊመዝነው ይገባል።

እስካሁን ያየናቸው «ፊት»፣ «ቦኒ»፣ «ላሽ» የተባሉት ሁሉ በሰዋስው ቅጽሎች ናቸው። ቅጽል ከስም አጠገብ ቆሞ ስምን ይገልጻል፤ ሰውየው ሰው እንደ ሆነ ይቀራል፤ የተጨመረለት አንድ ጠባይ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናያቸው ግን ብዙዎቹ ስሞች ናቸው። ስም ደግሞ ሰውን አይገልጽም፤ በሰው ቦታ ይቀመጣል። ጠቡ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

የመንደሩ ቋንቋ ከወጥ ቤት ብዙ ቃላት ተበድሯል። «ዲሽ» የሚለው ቃል ዛሬ በከተማችን ሲነገር በየጣራው ላይ የተተከለውን የቴሌቪዥን መቀበያ ያሳስባል፤ ዋናው ትርጉሙ ግን ሳሕን፣ በሳሕንም የቀረበ ምግብ ነው። ሴትን በዚህ ቃል መጥራት የትናንት ነገር አይደለም። ሼክስፒር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው «አንቶኒና ክሊዮፓትራ» በተባለው ቴአትር ውስጥ የግብጿን ንግሥት በዚሁ ቃል ያስጠራታል። ከዚሁ የወጣው «ዲሺ» የተባለው ቅጽል በ1960ዎቹ ዓመታት እየተለመደ መጣ፤ ለወንድም ይነገራል። በ2020 የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ ስማቸው ከቃሉ ጋር ቤት ስለሚመታ ጋዜጦቹ «ዲሺ ሪሺ» ይሏቸው ጀመር። ሰውየው ግን በ2022 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በ2024ም ሥልጣናቸውን ሲለቁ የተመሰገኑትና የተወቀሱት በበጀታቸውና በፖለቲካቸው ነው። ቅጽል ስለ ነበረ መጣ፤ ሄደ።

«ክራምፔት» የሚለው ስም ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ክራምፔት ከዱቄትና ከእርሾ በቀጭኑ ተበጥብጦ በምጣድ ላይ በቀለበት ውስጥ የሚጋገር፣ እንግሊዞች ቅቤ ቀብተው ከሻይ ጋር የሚበሉት ትንሽ ቂጣ ነው። በላዩ ላይ እንደ እንጀራችን ዓይን ያወጣል፤ የቀለጠው ቅቤም በዓይኖቹ ይሰርጋል። ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወንዶች ይህን የምግብ ስም ለቆንጆ ሴቶች ሰጡት። የሰዋስው ሊቃውንት ሊያስተውሉት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ ሲነገር አይቈጠርም። «አንዲት» ወይም «ሁለት» አይባልም፤ «ጥቂት ክራምፔት» ወይም «ቁራሽ ክራምፔት» ይባላል። ይህም ማለት ሴቶቹ ስምና ቍጥር ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ በስፍር እንደሚሸጥ እህል ሆኑ ማለት ነው።

የዚህን ቃል ክብደት ለማወቅ የአንዲት ሴት ታሪክ ይበቃል። በ1933 በስቶክፖርት ከተማ የተወለዱት ጆን ቤክዌል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በኒውናም ኮሌጅ ተምረው፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በቢ.ቢ.ሲ. ሁለተኛው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሌሊት በሚተላለፈው የሥነ ጥበብና የሐሳብ ክርክር ዝግጅት ላይ ደራስያንንና አርቲስቶችን እየጠየቁ ያነጋግሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥን ከባድ ነገር የምትናገር ሴት ጥቂት ነበረች። ፍራንክ ሚዩር የተባለው የቀልድ ደራሲ እኝህን ሴት ለማመስገን ብሎ «የሚያስብ ሰው ክራምፔት» ሲል ሰየማቸው። ቀልዱ በአንድ ጊዜ አገሩን ሞላው። ስማቸው ቤክዌል በቃሉ ሲፈታ «ደኅና አድርገህ ጋግር» የሚል መሆኑም ለቀላጆች ሳይመች አልቀረም። ከዚያ ወዲህ እኝህ ሴት መጻሕፍት ጻፉ፤ በ2008 «ዴም» የተባለውን የክብር ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ2011ም ባሮነስ ተብለው በሎርዶች ምክር ቤት ገቡ። ሆኖም ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ስለ እርሳቸው የሚጻፈው ብዙው ጽሑፍ ያንን የቂጣ ስም ሳያነሣ አያልፍም። ሚዩር ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም ማሰብንና ውበትን በአንድነት ያከበረ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ንግግሩን እንደ ገና እንመልከተው። የሚያስበው ማን ነው? ተመልካቹ ወንድ ነው። እርሳቸውስ ምን ሆኑ? የሚያስበው ሰው የሚበላው ነገር ሆኑ። አሳቢዋ እርሳቸው ሆነው ሳሉ ማሰቡን ለሌላ ሰጠባቸው።

ከዚሁ ከመጋገሪያ ቤት የመጣው «ታርት» የተባለው ቃል ዕጣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ታርት ማለት ፍሬ ወይም ማርማላታ የተሞላበት ጣፋጭ ኬክ ነው። በ1860ዎቹ ዓመታት የሎንዶን ተራ ሰዎች የሚወዷትን ልጅ በፍቅር የሚጠሩበት ቃል ነበር። መቶ ዓመቱ ሳይፈጸም ግን ገላዋን ለምትሸጥ ሴት መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ያረጀ መጽሐፍ ገልጦ «ይህ የፍቅር ቃል ነው» ብሎ የሚናገር እንግዳ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት።

«እኛስ ብንሆን ‹ማሬ›፣ ‹ወለላዬ› እንል የለምን?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እንላለን። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። «ማሬ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቃሉን የሚናገረው ለራሷ፣ ፊት ለፊት፣ የእኔ ለሚላት ነው። «ክራምፔት» ግን የሚነገረው ስለ እርሷ እንጂ ለእርሷ አይደለም፤ ወንዶች ለወንዶች የሚያወሩት ነው።

ሁለተኛው የቃላት ምንጭ ኀይልና ምት ነው። «ስታነር» ማለት መትቶ የሚያፈዝ፣ ራስን የሚያስት ማለት ነው፤ በእኛ «አፍዝ አደንግዝ» እንደምንለው። «ስማሸር» የሚሰባብር፣ «ክራከር» የሚያፈነዳ፣ «ኖክ አውት» ደግሞ ከቦክስ ስፖርት የተወሰደ፣ በአንድ ቡጢ የሚዘርር ማለት ነው። ቃላቱ ሁሉ የቆንጆውን ሰው ባሕርይ ሳይሆን በተመልካቹ ላይ የደረሰበትን ይናገራሉ።

ከእነዚህ መካከል «ስታነር» በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የገባ ቃል ነው። በ1848 በሎንዶን «ፕሪ ራፋኤላይት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ወጣት ሠዓሊዎች፣ ይልቁንም ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲና ጓደኞቹ፣ ለሥዕላቸው የሚሆን ያማረ መልክ ያላትን ሴት ባዩ ቍጥር «ስታነር አገኘን!» ይሉ ነበር። በ1857 በኦክስፎርድ ያገኟት የፈረስ ጋጣ ሠራተኛ ልጅ ጄን በርደን፣ ኋላ የዊልያም ሞሪስ ሚስት የሆነችው፣ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከእርሷ በፊት ደግሞ ኤልሳቤጥ ሲዳል ነበረች። ይህች ልጅ በባርኔጣ መደብር ስትሠራ ታይታ ለሠዓሊዎቹ ሞዴል ሆነች። ጆን ኤቨረት ሚሌ «ኦፊሊያ» የተባለውን፣ ዛሬ በሎንዶን በቴት ብሪትን ቤተ ሥዕል የሚገኘውን ሥዕል ሲሥል፣ በውሃ የሰጠመችውን ልጅ እንድትመስል በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ለረጅም ሰዓት አስተኛት። ውሃውን ያሞቁ የነበሩት መብራቶች ሲጠፉ ልጅቱ ሥራው እንዳይቋረጥ ብላ ሳትናገር በቀዝቃዛው ውሃ ቆየች፤ ከዚያም በብርቱ ታመመች።

ብዙ ሰው ስለ ኤልሳቤጥ ሲዳል የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን እርሷ ራሷ ሠዓሊ ነበረች፤ ግጥምም ትጽፍ ነበር። ታላቁ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን ሥራዋን አይቶ በ1855 በዓመት 150 ፓውንድ ሊከፍላትና ሥዕሎቿን ሊወስድ ተዋውሎ ነበር። በ1862 በ32 ዓመቷ ሞተች። «ስታነር» የሚለው ስም በእርሷ ቦታ ስለ ተቀመጠ፣ ሠዓሊዋ ከሞዴሏ ጀርባ ተሰውራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች። ቃሉም ከዚያ ከፍታ ላይ አልቆየም። «ዘ ሰን» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ከ1970 ጀምሮ ደረታቸውን የገለጡ ወጣት ሴቶችን ፎቶግራፍ በሦስተኛው ገጹ ሲያትም መጠሪያቸው ያደረገው ይህንኑ ቃል ነበር። ብዙ ተቃውሞ ከተነሣበት በኋላ ልማዱን በ2015 ተወው።

አሁን ወደ ሎንዶን ጐዳና እንመለስ። የሎንዶን ምሥራቅ ሠፈር ተወላጆች «ኮክኒ» ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች በ19ኛው መቶ ዓመት የፈጠሩት፣ ጆን ካምደን ሆተን በ1859 ባሳተመው የመንደር ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ የገለጸው አንድ የሚያስደንቅ አነጋገር አላቸው። የፈለጉትን ቃል ትተው ከእርሱ ጋር ቤት የሚመታ ሐረግ ይናገራሉ፤ ከዚያም ቤት የሚመታውን ክፍል ራሱን ቈርጠው ይጥሉታል። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ፊት ማለት «ፌስ» ነው። ከእርሱ ጋር ቤት የሚመታው «ቦት ሬስ» ሲሆን፣ ትርጉሙ የጀልባ እሽቅድምድም ነው። ስለዚህ ኮክኒው «ቦት» ብቻ ይላል። «ጀልባዋ ያምራል» ካለ መልኳ ያምራል ማለቱ ነው። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ጨዋታ እንግዳ አይሆንበትም፤ ወርቁን የሚያገኘው የሠፈሩ ልጅ ብቻ ነውና።

በዚሁ ከተማ በ1960ዎቹ ዓመታት ወጣት ሴት ሁሉ «በርድ» ትባል ነበር፤ ወፍ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ይህን የመሰለ ቃል ለወጣት ሴት ይነገር ስለ ነበረ፣ የወፉ ስም ከዚያ ጋር ተደባልቆ ይሆናል የሚሉ አሉ። አጭር ቀሚስ ለብሳ የዘመኑን ፋሽን የተከተለች ደግሞ «ዶሊ በርድ» ትባል ነበር፤ የአሻንጉሊት ወፍ እንደ ማለት ነው። በ1966 «ዴይሊ ኤክስፕረስ» ጋዜጣ የዓመቱ መልክ ብሎ የመረጣት የ16 ዓመቷ ሌስሊ ሆርንቢ በዓለም የታወቀችው «ትዊጊ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው፤ ቅጥነቷን ለማመልከት «ጭራሮ» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ሴትን «በርድ» ብሎ መጥራት ያረጀ አነጋገር ሆኗል፤ ብዙዎችም እንደ ንቀት ይቈጥሩታል።

የዛሬዎቹ የሎንዶን ልጆች ሌላ ቃል አላቸው። በሰኔ 22 ቀን 1948 «ኤምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ከጃማይካና ከአካባቢው ደሴቶች በመቶ የሚቈጠሩ መንገደኞችን ይዛ ቲልበሪ ወደብ ላይ ካራገፈች ወዲህ፣ ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ልጆች ከኮክኒው ልጅ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አደጉ። ከዚህም አዲስ አነጋገር ተወለደ። ጄኒ ቼሸርና ፖል ከርስዊል የተባሉት የቋንቋ ሊቃውንት ከ2004 እስከ 2007 በሎንዶን ወጣቶች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ አዲሶቹ አነጋገሮች ይልቁንም ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተውጣጡ ጓደኞች ካሏቸው የመሐል ከተማ ወጣቶች ዘንድ እንደሚበረቱ አሳይተዋል። ከዚህ አነጋገር ውስጥ ውበትን የሚመለከቱት ቃላት «በፍ» እና «ፔንግ» ናቸው። «በፍ» አካሉ የዳበረና የሚያምር፣ «ፔንግ» ደግሞ እጅግ የሚያምር ማለት ነው። «ፔንግ» ለሰውም ለጥሩ ምግብም ይነገራል። በሎንዶን የሚኖሩ የአገራችን ልጆችም ከእኩዮቻቸው ጋር በትምህርት ቤት የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ሁለቱም ቅጽሎች ናቸውና ለጊዜው ጉዳት የላቸውም። ነገር ግን ወጣቶቹ በዚያው በጃማይካው አነጋገር «ቲንግ» የሚለውን ጨምረው «ፔንግ ቲንግ» ሲሉ ቅጽሉ ወደ ስም ይለወጣል። «ቲንግ» ማለት ዕቃ፣ ነገር ማለት ነው። አዲሱም ቋንቋ የአሮጌውን መንገድ መያዙ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ትምህርት እንቀስማለን? ቃል ሁሉ ይዘምናል፤ ያረጃል። የዛሬው «ፊት» ነገ እንደ ትናንቱ «ታርት» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዘመን የማይለውጠው አንድ መለኪያ አለ። ቃሉ ሰውየውን ይገልጸዋል ወይስ ይተካዋል? የሚገልጸው ቃል ቢያረጅ እንኳ ያስቃል እንጂ አያቈስልም። የሚተካው ቃል ግን በተነገረበት ቀንም ቢሆን ከተጠሪው አንድ ነገር ቀምቶ ይሄዳል። ከኤልሳቤጥ ሲዳል ብሩሿን ቀማ፤ ከጆን ቤክዌል አሳቢነታቸውን ሊቀማ ሞከረ።

ይህን በተግባር ለመተርጐም ሁለት ምክሮችን እንሰጣለን። አንደኛው የመስማት ምክር ነው። በብሪስቶልና በአካባቢዋ ባለ ሱቁ «ማይ ላቨር» ቢልህ «ውዴ» ብሎ የሚጠራህ ከልማድ እንጂ ከፍቅር አይደለም። በኒውካስል «ፔት»፣ በኖቲንግሃም «ዳክ»፣ በግላስጎው ለሴት «ሄን» ይባላል፤ የቤት እንስሳ፣ ዳክዬና ዶሮ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ እንደ እኛ «እናቴ»፣ «ወንድም ዓለም» ያሉ የመግባቢያ ቃላት እንጂ የመልክ ምስጋና አይደሉምና፣ የሰማ ሰው ሌላ ተስፋ እንዳያደርግ፣ ወይም በከንቱ እንዳይቈጣ።

ሁለተኛው የመናገር ምክር ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ቃላት ሁሉ በጓደኛሞች መካከል የሚነገሩ ናቸው፤ አንዳቸውም ለመሥሪያ ቤት አይሆኑም። በእንግሊዝ አገር በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ በሥራ ቦታ የሰውን ክብር የሚነካ ያልተፈለገ ንግግርን እንደ ትንኰሳ ይቈጥረዋል። ከጥቅምት 26 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ አሠሪው አቤቱታ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በሠራተኞቹ ላይ ጾታዊ ትንኰሳ እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ አስቀድሞ እንዲወስድ ተገድዷል። ስለዚህ ለሥልጠና የሄደ ባለ ሥልጣን ስለ ሥራ ባልደረባው መልክ ባይናገር ይመረጣል፤ ስለ ሠራችው ሥራ ቢናገር ግን በዚያም አገር ሆነ በእኛ አገር የሚቀየመው የለም።

ይህ ምክር ለእንግሊዝኛ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ስለምታልፍ ባልደረባ ከኋላዋ የሚባለውን ቃል እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። ቃሉ ስሟን ትቶ በስሟ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር፣ ምስጋና መስሎ የሚወስድባት ነገር አለ። ልጅቱ ስም አላት፤ ማዕርግ አላት፤ በጠረጴዛዋም ላይ የጀመረችው ፋይል አለ።